ቻርሊ ቻፕሊን ስለ ራሱ የነገረንና ያልነገረን

በአገራችን ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መልካም መልካሙን ነው። የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራል፤ የተሾመበትን፣ የተሸለመበትንና የዘመተበትን ይዘረዝራል። ያፈረበት፣ የተራበበት፣ የተዋረደበት ነገር ካለ ግን እሱ ለንስሐ አባት የሚነገር እንጂ በወረቀት ላይ የሚሰፍር አይደለም። እኛም «ገመናችሁን ይክተትላችሁ» እየተባልን ስንመረቅ ያደግን ልጆች ነን። ስለዚህም ዓለም በሙሉ የሚያውቀው አንድ ተዋናይ ረሃቡን፣ የአባቱን ስካር፣ የእናቱን የአእምሮ ሕመምና የገዛ ራሱን ፍርሃት አንድ በአንድ ሲጽፍ ስናይ መጀመሪያ የተሰማን አድናቆት ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። ከድንጋጤው በኋላ ክርክር መጣ። ከክርክሩ በኋላ ደግሞ ለመምህርነት ሥራችን ይበጃል ያልነው ነገር ተገኘ። ይህንኑ ለግድግዳ ጋዜጣችን አንባብያን ለማካፈል ነው ብዕር ያነሣነው።

መጽሐፉ ቻርሊ ቻፕሊን ስለ ገዛ ሕይወቱ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው ሲሆን አምስት መቶ ገጽ ገደማ ነው። ከመካከላችን አንዷ ባሕር ዳር ሄዳ ስትመለስ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝታ አመጣችው። ሽፋኑ የለም፤ የመጨረሻዎቹ ገጾችም በክር የተሰፉ ናቸው። እኛ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ በድምሩ ስድስት ዕጩ መምህራን፣ ከእራት በኋላ በአንድ ባዶ ክፍል እየተሰበሰብን ማንበብ ጀመርን። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው መዝገበ ቃላት ይዞ ይቀመጣል፤ የቀረነው እንሰማለን፣ እንጠይቃለን፣ እንጨቃጨቃለን። እንግሊዝኛችን ያው ከሁለተኛ ደረጃ ይዘነው የመጣነው ነውና በአንድ ምሽት ከስድስት ገጽ በላይ የተራመድንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መጽሐፍ ተሰብስቦ መስማት ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። ወላጆቻችን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያወቁት አብዛኞቹ በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ይሰበሰብ እንደነበር ይነግሩናል። ታሪኩ የሚጀምርባት ማንኩሳም ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ በመኪና መስኮት የምናያት ከተማ ናት። ዛሬም አንዳንድ አዛውንት ስለ በዛብህ አባት ስለ ቦጋለ መብራቱ ሲያወሩ ትናንት ማዶ መንደር የሞተ ሰው ያስመስሉታል። ይህን ሁሉ ያደረገው የደራሲው ብዕርና የአንድ ተዋናይ ድምፅ ነው። የተዋናዩን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቻፕሊንን ሁላችንም በመልክ እናውቀዋለን። ጠባብ ኮት፣ ሰፊ ሱሪ፣ ትልቅ ጫማ፣ ትንሽ ጺም፣ ክብ ባርኔጣና ከዘራ። ይህን አለባበስ በፊልም ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1914 አሜሪካ ውስጥ ነው። ድምፅ አልባ ስለሆነ እንግሊዝኛ የማያውቅም ይስቅለታል፤ ታናናሽ ወንድሞቻችን በስልክ ላይ ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚስቁት። ያላወቅነው ነገር ግን ያ ሁሉ ሳቅ ከየት እንደመጣ ነው።

ቻፕሊን ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1889 ተወለደ። አባቱም እናቱም በዘፈንና በቀልድ አዳራሾች የሚሠሩ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ መጠጥ አሸንፎት በ1901 በ38 ዓመቱ ሞተ። እናቱ ሐና ቻርሊንና በአባት የማይገናኘውን ታላቅ ወንድሙን ሲድኒን ብቻዋን ለማሳደግ ስትታገል ጉሮሮዋ ታመመ። አንድ ቀን ወታደሮች በሞሉበት አዳራሽ ስትዘፍን ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ተመልካቹ ጮኸባት፤ ከመድረክ ወረደች። የመድረኩ ኃላፊ ግራ ቢገባው የአምስት ዓመቱን ልጅ እጁን ይዞ አውጥቶ በሕዝቡ ፊት አቆመው።

ልጁ ዘፈነ። ሳንቲም ይወረወርለት ጀመር። ዘፈኑን አቋረጠና መጀመሪያ ገንዘቡን ልልቀም፣ ከዚያ እዘፍናለሁ ብሎ አወጀ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው በመሐረብ ሊያግዘው ሲመጣ ደግሞ «ሊወስድብኝ ነው» ብሎ እግር በእግር ተከተለው፤ ሳቁ ባሰ። ቀጥሎም እናቱን እያስመሰለ ሲዘፍን የተሰነጠቀውን ድምፅዋን ሳይቀር አስመሰለው። ሕዝቡ በዚያም ሳቀ። ያ ምሽት ለእሱ የመጀመሪያው መድረክ፣ ለእናቱ ደግሞ የመጨረሻው ሆነ።

እዚህ ላይ ንባባችን ቆመ። ልጁ የእናቱን ውድቀት አስመስሎ እንጀራውን አገኘ ማለት እኮ ነው! አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ክፋት አያውቅም፤ ያየውን ነው ያደረገው። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ መካከል ያለው ሰውዬ ግን ምን እንደተደረገ ያውቃል፤ እያወቀም አልሸሸገውም። «እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይጽፈዋል?» አለ አንዱ ጓደኛችን። ያን ምሽት መልስ የሰጠው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ድህነቱ እየበረታ ሄደ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ምንም የሌለው ድሃ ገብቶ እየሠራ የሚበላበት የመንግሥት መጠለያ ነበር። እናትና ሁለቱ ልጆች እዚያ ገቡ፤ በሩን ሲያልፉ እናት ወደ ሴቶች ክፍል፣ ልጆች ወደ ልጆች ክፍል ተለያዩ። ቆይቶም ልጆቹ ከከተማው ወጣ ወዳለ የድሃ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ወደ መጠለያው ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን እናትየዋ «ልንወጣ ነው» ብላ ልጆቿን አስጠራችና ሦስቱም የገዛ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። የሚሄዱበት ቤት ግን አልነበራቸውም። ሲድኒ ዘጠኝ ፔኒ ነበረችው። እንደ አጋም ያለ ጥቁር ፍሬ ገዝተው መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሉ። ጋዜጣ ጠቅልለው ኳስ ተጫወቱ። በተረፈችው ሳንቲም ሻይና ትንሽ ምግብ ቀመሱ። ሲመሽ ወደ መጠለያው ተመለሱና እንደ አዲስ ተመዘገቡ። አንድ ቀን አብረው ለመዋል ብቻ ብለው ነው ያን ሁሉ ያደረጉት።

እኛ የገጠር ልጆች ይህን ስናነብ ማንም አስረዱን አላልንም። ቡሬ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከቤት የሚመጣለትን ስንቅ እየቆጠረ፣ እናቱን በገበያ ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ እያየ የተማረ ሰው የዚያን መናፈሻ ወንበር ያውቀዋል። ገበያው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጦ ከእናት ጋር ዳቦ መቁረስ፣ ከዚያ እናት ወደ አገሯ፣ ልጅ ወደ ኪራይ ቤቱ። ልዩነቱ እኛ ይህን እስከ ዛሬ «ታሪክ» ብለን አለመቁጠራችን ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ከባዱ ክፍል የእናትየዋ መታመም ነው። ልጁ አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለስ የሰፈር ልጆች በር ላይ ጠብቀው እናትህ አብዳለች አሉት። በየጎረቤቱ በር እያንኳኳች ቁራጭ የድንጋይ ከሰል «ለልጆቻችሁ የልደት ስጦታ» እያለች ስታድል ነበር የዋለችው። ልጁ እጇን ይዞ በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ከድካም የተነሣ ትንገዳገድ ስለነበር የሚያያት ሰው ሰክራለች ይል ነበር። ሐኪሙም ሕመሙ ከምግብ እጦት የመጣ ለመሆኑ ጥርጥር እንደሌለው ተናገረ። በኋላ ሆስፒታል ሊጠይቋት ሲሄዱ ደግሞ ያን ቀን ሻይ ብታጠጣኝ ኖሮ ደህና እሆን ነበር አለችው። ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ኖረ።

አንባቢዋ የከሰሉን ቦታ ስትጨርስ ከመካከላችን አንዱ፣ ከቡሬ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ልጅ፣ «እስቲ ድገሚው» አላት። ደገመችው። ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ጀመረልን። እናቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት አእምሮዋ ተነክቶ ነበር። የጎታውን ጤፍ እያወጣች፣ «የልጄ ሠርግ ነው» እያለች፣ ለመንገደኛ ሁሉ በቁና ትሰፍር ነበር። እሱ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ ግቢያቸው ሰው ሞልቶት ያገኛል። የሚስቁ ነበሩ፤ ስልቻ ዘርግተው የሚቀበሉም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጠበልም ተወስዳ፣ የሆስፒታል መድኃኒትም ወስዳ፣ ተሽሏት ዛሬ ቤቷን ታስተዳድራለች። እሱ ግን ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«ሁልጊዜ የሚያሳፍረኝ እሷ መስጠቷ ነበር» አለን። «ይህን ካነበብን ወዲህ ግን ሳስበው፣ የሚያሳፍረውስ የተቀበሉት ሰዎች ነገር ነው።»

ይህን በጋዜጣችን ላይ እንድንጽፍ የፈቀደው እሱ ራሱ ነው። ስሜን አትጥሩ፣ ነገሩን ግን አትሸሽጉ ብሎናል።

ታዲያ ክርክራችን በዚህ አላለቀም። አንዱ ጓደኛችን አጥብቆ ተከራከረ። «ሰው የራሱን ገመና ቢያወጣ መብቱ ነው፤ የእናቱን ግን ማን ፈቀደለት? ሞታለች፤ እሺም እምቢም አትል» አለ። እውነት ነው፤ ሐና እ.ኤ.አ. በ1928 ሞታለች፤ መጽሐፉ የወጣው ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ሌላዋ ደግሞ እንዲህ ስትል መለሰች፦ «እናቱን በጽሑፉ ከፍ አደረጋት እንጂ መቼ አዋረዳት? የትወና መምህሬ እሷ ናት ብሏል እኮ!» ይህም እውነት ነው። እናትየዋ በመስኮት ቁጭ ብላ መንገደኛውን እያየች፣ ይሄ ሰውዬ ጫማው ቆሽሿል፣ ፊቱ ተቆጥቷል፣ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ቁርስ ሳይበላ ነው የወጣው እያለች ታስመስል እንደነበር ይተርካል። ሰውን አስተውሎ ማየትን ከእሷ እንደተማረ ሳይሸሽግ ይመሰክራል። ሲያልፍለትም በ1921 ካሊፎርኒያ አስመጥቶ እስክትሞት አስጦሯታል። እኛም በመጨረሻ የተስማማነው ማዋረድ ሌላ፣ መመስከር ሌላ መሆኑን ነው። ነገሩ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የሚናገረው ሰው ከማን ጎን ቆሞ እንደሚናገር ነው። ተከራካሪው ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ በአቋሙ እንደጸና ነው።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። ቻፕሊን ስለ ትምህርት ቤት የጻፈው ለዕጩ መምህር ከአንድ ኮርስ አያንስም ብንል አላጋነንም። በዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት በየዓርቡ ጠዋት ልጆቹ ሁሉ እንዲያዩ ተሰልፈው ጥፋተኛ የተባለ ይገረፍ ነበር። አንድ ቀን የሰባት ዓመቱ ቻርሊ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወረቀት አቃጥለሃል ተብሎ ስሙ ተጠራ። አላደረገም። አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከድንጋጤው የተነሣ አጥፍቻለሁ ብሎ መለሰ። ሦስት ጊዜ ተመታ። ሰባ ዓመት ሲሞላው እንኳ ያቺን ጠዋት አልረሳትም። በዚያው ትምህርት ቤት ጭርት ይዞት ራሱን ተላጭቶ፣ አዮዲን ተቀብቶ፣ ከሌሎች ልጆች ተለይቶ ተቀምጧል፤ ምን ያህል እንዳፈረ ይነግረናል። ከእኛ ውስጥ ክፍል ውስጥ ጭርት የያዘው ልጅ ሲሳቅበት ያላየ ማን አለ?

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ደንግጓል። ይህን ለፈተና ሁላችንም አጥንተነዋል። አንቀጹን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያልሠራውን ሠርቻለሁ የሚል ልጅ ምን እንደሚሰማው ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሁለተኛውን ከሕግ መጽሐፍ አናገኘውም፤ የተመታው ሰው ሲነግረን ነው የምናገኘው።

ሌላው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቻርሊ በለንደን ትምህርት ቤት ሳለ ዓይን አፋርና ማንም የማያውቀው ልጅ ነበር። እናቱ ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ስለ አንዲት ሴትዮ ድመት የሚያወራ አስቂኝ ግጥም ገልብጣ አመጣችለት። በእረፍት ሰዓት ለአንድ ጓደኛው ሲወጣለት መምህሩ ሰማ። አልተቆጣውም፤ ክፍል ውስጥ በልጆቹ ፊት እንዲለው አደረገው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። በማግሥቱ ከክፍል ክፍል እየተወሰደ ወንዶቹም ሴቶቹም ሰሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አወቀው፤ ትምህርቱም ሳይቀር ተሻሻለ። ያ መምህር ያወጣው ወጪ የለም። የፈጀበት ጊዜ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ቻፕሊን ግን ስድሳ ዓመት አልፎም ከእነ ግጥሙ ርእስ ያስታውሰዋል።

ስለ ትምህርቱም ቅሬታውን ጽፏል። ታሪክና ሒሳብ ሲያስተምሩት የስምና የዓመተ ምሕረት ዝርዝር፣ የቁጥር ክምር ሆነውበት ነበር። ማንም ሰው ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም፣ ምን እንደሚያስደስት፣ በሚማርክ አኳኋን አላስተዋወቀኝም ይላል። እኛ ይህንን «የትምህርት ማስተዋወቂያ» ብለን በዕለታዊ ዕቅዳችን ላይ አምስት ደቂቃ መድበንለታል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ባለፈው ምን ተማርን?» ብለን እናልፈዋለን።

በዚሁ ሰሞን ለተግባር ልምምድ ከቡሬ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ከብት አግዶ አርፍዶ የሚመጣ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መሬት መሬት የሚያይ አንድ ልጅ ነበር። ከመካከላችን አንዷ በእረፍት ሰዓት ከግንቡ ጀርባ ይህ ልጅ በርበሬ ገበያ ላይ የሚከራከሩ ገዥና ሻጭ እያስመሰለ ጓደኞቹን ሲያስቅ ሰማችው። የድመቷ ግጥም ትዝ አላትና በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ና እስቲ፣ በርበሬ ሻጩን ሁንልን፤ ኪሎው ስንት ነው? ሦስት ኪሎ ብገዛህ ስንት ትለኛለህ?» አለችው። ልጁ መጀመሪያ አመነታ። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «እመት፣ ይሄ የቡሬ በርበሬ ነው፣ ሌላ ቦታ አያገኙትም!» ሲል ክፍሉ ፈነዳ። ተአምር ተደረገ አንልም። በማግሥቱም አርፍዶ ነው የመጣው፤ ማባዛቱም ገና ብዙ ይቀረዋል። ግን በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ እጁን አወጣ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁላችንም የወደድናት አንዲት ትንሽ ታሪክ አለች። በልጅነቱ ከሚኖርበት መንገድ ጫፍ በግ የሚታረድበት ቄራ ነበር። አንድ ቀን አንድ በግ አምልጦ መንገዱን ይዞ ሮጠ። ሰዎች ሊይዙት ሲሯሯጡ፣ እርስ በርስ ሲጋጩና ሲወድቁ እያየ ልጁ ሳቀ። በጉ ተይዞ ወደ ቄራው ሲጎተት ግን ነገሩ ገባውና ሊያርዱት ነው ብሎ እያለቀሰ ወደ እናቱ ሮጠ። በኋላ ለሠራቸው ፊልሞች ሁሉ መነሻው ይህ ይሆን እንዴ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ላይ በግ አምልጦ ያልሳቀ ጎጃሜ የለም። ሳቁና ለቅሶው በአንድ መንገድ ላይ መሆናቸውን ግን እስከ ዛሬ ልብ አላልነውም ነበር።

እስከዚህ ያመሰገንነው ሰው ሁሉን የነገረን እንዳይመስላችሁ። ከመጽሐፉ እኩሌታ በኋላ ሰውየው ሀብታም ይሆናል፤ ያኔ ትረካውም ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1916 ለአንድ ዓመት ሥራ 670,000 ዶላር መዋዋሉን ይነግረናል። ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር እራት በላ፣ ማንን አገኘ፣ ማን አደነቀው የሚል ዝርዝር ይበዛል። ከጋንዲ ጋር ስለ መኪና ሥልጣኔ የተከራከረበትን ቦታ ወደድነው፤ ሌላውን ግን እያዛጋን አለፍነው።

የባሰው ደግሞ የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሊታ ግሬይ የምትባል ተዋናይት አገባ። እሱ 35 ዓመቱ ነበር፤ እሷ 16። ይህን ያወቅነው ከሌላ ቦታ አንብበን እንጂ ከእሱ መጽሐፍ አይደለም። እሱ ስሟን እንኳ አይጠራም። ያደጉ ሁለት ልጆች ስላሉን ዝርዝር ውስጥ አልገባም ብሎ በጥቂት መስመር ይሻገረዋል። ጋብቻው በ1927 በፍርድ ቤት በፍቺ ማለቁንም በደንብ አይነግረንም።

ወንዶቹ «ለልጆቹ ብሎ ነው፣ ጨዋነት ነው» አልን። ሁለቱ እህቶቻችን ግን አልተቀበሉንም። «የእናቱን እብደት ለዓለም ያወጀ ሰው እዚህ ሲደርስ ነው ጨዋነት ትዝ ያለው?» አለች አንደኛዋ። ሁለተኛዋ ነገሩን ወደ አገር ቤት አመጣችው፦ «አሥራ ስድስት ዓመት ማለት እኮ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። በጥር ወር ከክፍል ጠፍታ የማትመለስ ጓደኛ ያልነበራት ማን አለች? ስሟ ከስም መጥሪያው ላይ ይሰረዛል፤ ከዚያ ማንም አያነሣትም። እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ስሟን ሰረዘው።»

እውነቷን ነው። የፌዴራሉም የአማራ ክልልም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ወስነዋል፤ ሆኖም ሕጉ ያልደረሰበት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሊታ ግሬይ ግን ተሰርዛ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ1966፣ ማለትም የእሱ መጽሐፍ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ከእሱ ጋር ስላሳለፈችው ሕይወት የራሷን መጽሐፍ አሳተመች።

ከዚህ የተማርነው ግልጽ መጽሐፍም ሲነበብ ሁለት ጊዜ መነበብ እንዳለበት ነው፤ አንድ ጊዜ ለተጻፈው፣ አንድ ጊዜ ላልተጻፈው። ሰው የተበደለበትን በግልጽ መናገር ይከብደዋል፤ ቢሆንም ይችለዋል። የበደለበትን መናገር ግን ለቻፕሊን ለሚያህለው ሰውም አልተቻለውም። ይህ ማለት የቀረው ውሸት ነው ማለት አይደለም። ያቺ የመናፈሻ ወንበር እውነት ናት፤ ዝምታውም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ተውነው ወደ አገራችን ተዋናዮች እንመለስ። የወጋየሁን ድምፅ የሰማ ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያውቃል። ድምፁን የያዘው ሰው በልጅነቱ ምን በልቶ እንዳደረ፣ በመድረክ ላይ ሲቆም ምን እንደፈራ፣ ቤተ ሰቡ ስለ ሙያው ምን እንዳለው ግን እኛ በእሱ አንደበት አላነበብንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ልጆች ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» የሚሏቸው፣ ሴቶች መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ምን ይላቸው ነበር? እሳቸውስ ምን ይመልሱ ነበር? ቀድመው መድረክ የወጡት እነ አስናቀች ወርቁስ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ በሚወረውር አገር እንዴት አድርገው ቆሙ? እንዲህ ያለው ነገር ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀና ካልተጻፈ አብሮ ይቀበራል። ጭብጨባውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ጭብጨባው የተከፈለበትን ዋጋ ግን የሚያውቀው የከፈለው ሰው ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ እያንዳንዳችን ፊት ስድሳና ሰባ ልጅ ይቀመጣል። ከእነዚህ ውስጥ እናቱ የታመመችበት፣ አባቱ የሚጠጣበት፣ ሳይበላ የመጣ፣ በጥር ወር ልትዳር የታሰበች ትኖራለች። አይነግሩንም። እኛም በክፍል ፊት አቁመን «ለምን አረፈድክ? ለምን ደብተር የለህም?» እያልን ገመናቸውን በግድ ማውጣት የለብንም፤ ያ ምስክርነት ሳይሆን ግርፋት ነው። ከዚያ ይልቅ ጠጋ ብሎ፣ ብቻውን፣ በቀስታ መጠየቅ። ለጥያቄ «አጥፍቻለሁ» የሚል ልጅ ከፍርሃት የተነሣ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ። በእረፍት ሰዓት ከግንቡ ጀርባ ምን እንደሚጫወቱም ጆሮ መስጠት። ከእነሱ አንዱ ከስድሳ ዓመት በኋላ ቁጭ ብሎ ሕይወቱን ቢጽፍ እኛም በአንድ ገጽ ላይ እንገባለን። በዚያ ገጽ ላይ ልምጭ ይዘን ነው ወይስ «ና እስቲ፣ አሰማን» ስንል ነው የምንገኘው? መልሱ በእጃችን ነው።

መጽሐፉ በአሁኑ ጊዜ በሁለተኛ ዓመት ሴቶች ማደሪያ ይገኛል። ማንበብ የሚፈልግ ስሙን ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያስፍር፤ በቡድን ለሚያነቡ ቅድሚያ ይሰጣል። መዝገበ ቃላት ያለው ይዞ ይምጣ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ስትገልጡ ግን ክሩ እንዳይበጠስ አደራ።